አንዱን ደምሬዋለሁ

ፍኖተ ሰላም እኔ ባስተማርኩበት ኮሌጅ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ጫማ ይወለቅ ነበር። አቧራ እንዳይገባ ነው ይሉናል። መስኮቱ መስታወት ስለጎደለው አቧራው በዚያ በኩል እንደ ልቡ ይገባል፤ እኛ ግን ጫማችንን እናወልቃለን። ግምገማ በተቀመጥን ቁጥር ይህን ነገር አነሳ ነበር፤ "በዕቅድ ተይዟል" እየተባለ ይታለፋል። እሱን የተዋወቅሁት እዚያው በር ላይ ነው። እኔ ጫማዬን ሳወልቅ እሱ ሲያደርግ፣ የካልሲው ተረከዝ ተቀዶ አየሁና ሳቄ አመለጠኝ።

"ተማሪ ነህ?" አልኩት።

"አዲሱ መምህር ነኝ። አሮጌው ካልሲው ነው" አለኝ።

የማንኩሳ ልጅ ነበር። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እሱ፣ ፓስካል የሚባለውን እኔ እናስተምር ጀመር። የሁለታችን ሙግት ለመምህራን ማረፊያው ጨዋታ ሆነ። "ያንቺ ቋንቋ ሁሉን ነገር አስቀድመው ካላስታወቁት ንቅንቅ አይልም፤ እንደ አገር ሽማግሌ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ያንተው ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ጤነኛ ሰው ከዜሮ ይቆጥራል?" እለዋለሁ። ሌሎቹ መምህራን የምንለው ባይገባቸውም ይስቁ ነበር። የሚስቁት በቋንቋዎቹ ሳይሆን በእኛ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዓመት ሳይሞላን እንደምንጋባ አወቅን። ማናችን ቀድመን እንደተናገርነው አላስታውስም፤ የተናገርነውም አይመስለኝም። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። ሽማግሌ ሲላክ በእኛ አገር ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዘር ነው። ሁለቱ ልጆች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ዘመድ አለመሆናቸው ካልታወቀ ጋብቻ የለም። ወላጅ አንድ ቤት ነው፣ አያት ሁለት፣ ቅድመ አያት ሦስት፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ሰባተኛው ቤት ላይ የሚገናኙ ይጋባሉ፤ ስድስተኛው ላይ የሚገናኙ ግን እህትና ወንድም ናቸው። በአንዱ ወገን ሰባት፣ በሌላው ስድስት ቢሆን የሚያዘው አጭሩ ነው። ሌላ አገር ሌላ ይሉ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ደንቡ ይህ ነበር።

ይህን ደንብ የሚያስከብሩት ደግሞ አባቴ ነበሩ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። የአካባቢውን ሰው ሁሉ ዘር ግን ያውቃሉ። ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በመከር ጊዜ ከሆነ በርበሬ ከተሰጣበት አጠገብ ተቀምጦ እያስነጠሰ ያስቆጥራል። አባቴ የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከዚያ "ይሁን" ወይም "ተዉት" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ሠርግ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ አስቀርተዋል። አጎቴ እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው። "እኔ ብተወው ደሙ አይተወውም" አሉት። አጎቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤታችን አልመጣም።

አንድ ክረምት ታመው ሲነሡ አባቴ መሃል ላይ መቆም ጀመሩ። አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እንደያዙ ዝም ይላሉ። ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። አንድ ቀን እንዲህ እንደቆሙ አየኋቸውና ፊቴን አዞርኩ፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ።

"ይኸ ሁሉ ሰው እኔ ስሞት ዳግመኛ ሊቀበር ነው" አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ለእሱ ይህንኑ ነገርኩት። የአባቴን ቆጠራ ኮምፒዩተር ላይ ላስቀምጠው ነው፣ ሰው መጥቶ ሁለት ስም ሲሰጠኝ በስንተኛው ቤት እንደሚገናኙ የሚነግር ፕሮግራም በፓስካል እጽፋለሁ አልኩ። እሱ የሚፈልገው ዓይነት ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለመመረቂያው እንዲህ ያለ ፍለጋ በሲ ጽፎ ነበር፤ ከሁለት ሰዎች ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ የጋራ አባት ወይም እናት ይፈልጋል። እንዲያስነብበኝ ጠየቅሁት፤ ወደ ፓስካል ልገለብጠው።

"ለምን ትገለብጪዋለሽ?" አለኝ። "የእኔ በሲው ይሁን፣ ያንቺ በፓስካሉ ይሁን። ስትፈልጊው ጥሪው።"

እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ከዚያ በፊት አልሠራሁም ነበር። እሱ ሲያስረዳኝ የሚያስቸግር አልመሰለኝም። የእሱ ሥራ ኮምፓይለር በሚባለው የሲ ተርጓሚ ተቀይሮ ላይብረሪ የሚባል ፋይል ይሆናል፤ ያ ፋይል ተዘግቷል፣ ሰው አያነበውም። እኔ ፕሮግራሜ ውስጥ የማሰፍረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ እንዲህ የሚባል ፈንክሽን፣ ማለት አንድ ሥራ የሚሠራ ክፍል፣ ሌላ ቦታ አለ፣ ይህን ይቀበላል፣ ያን ይመልሳል። የፓስካሉ ኮምፓይለር ሳያይ ያምነኛል። መጨረሻ ላይ ግን ሊንከር የሚባለው ይመጣና አለ ያልኩትን ነገር ይፈልጋል፤ ካላገኘው ፕሮግራሙ አይወለድም።

"ኮምፓይለሩ ቃልሽን ያምናል" አለኝ። "ሊንከሩ ግን አገርሽ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል።"

ይህን ለተማሪዎቹም ይናገረው ነበር። ከእሱ በኋላ እኔም እናገረዋለሁ።

የዚያን ዓመት ቅዳሜዎች እወዳቸዋለሁ። ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ይዘን ወደ አባቴ እንሄዳለን፤ አባቴ በርበሬ እየለቀሙ ይቆጥራሉ፣ እሱ ቴፑን ይዞ ያስነጥሳል። አባቴ ወደዱት። "የኮምፒዩተር ሰው ሲባል እንዲህ ሰው ሰው የሚሸት አይመስለኝም ነበር" አሉኝ እሱ በሌለበት። ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ገብቷቸዋል፣ ግን ነገሩ በሥርዓቱ እስኪመጣ ምንም አላሉም። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ማንኩሳ የእናቱ እናት ዘንድ እንሄዳለን። እሳቸውም የወገናቸውን ይቆጥሩልናል፤ መሃል መሃል ላይ "ይችን የመሰለች ልጅ ከወዴት አገኘህ" እያሉ ያሳፍሩኛል። የሁለቱንም ቴፕ እየሰማሁ ስሙን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የማስገባ እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በስሙ፣ በአባቱ ስምና በትውልድ ቦታው ገብቶ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሦስቱም ከተመሳሰሉ ላይብረሪው አንድ ሰው አድርጎ ይይዘዋል። ይህንንም ያሰበው እሱ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እሱ አዲስ አበባ ለአቅም ግንባታ ሥልጠና ተላከ። ያኔ ሁሉም ነገር ሥልጠና ነበር፤ ለመስኮቱ ግን መስታወት አይገባም። ላይብረሪውን በፍሎፒ ዲስክ ሰጥቶኝ ሄደ፤ ራሱ የጻፈውን የሚነበበውን ግን የሚያስተካክለው ነገር ስላለው ይዞት ሄደ። ሽማግሌዎቹ ለዳግማይ ትንሣኤ ተነግሯቸው ነበር።

"እስክመጣ አገናኝተሽ ጠብቂኝ" አለኝ መነኻሪያው ላይ። "መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ እኔና ስላንቺ ነው።"

ለጨዋታ ነው ያለው። አባቴ ስለ እኔ ወገን፣ አያቱ ስለ እሱ ወገን ነግረውናል፤ አንዱ ቡሬ ሌላው ማንኩሳ ነው፣ ማንም የተጠራጠረ አልነበረም።

ፋይሉ እሺ አላለኝም። ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያልፈኛል፤ ሊንከሩ ላይ ስደርስ "የጠራሽውን አላገኘሁትም" የሚል መልስ ይመጣል። ፋይሉ አጠገቡ ተቀምጦ እያየሁት አላገኘሁትም ይለኛል። ተናደድኩ፤ የሰደብኩትን ብጽፍ ይህን የሚያነቡ ተማሪዎቼ ያፍሩብኛል። ብዙ ከለፋሁ በኋላ የሲው ኮምፓይለር በእያንዳንዱ ስም ፊት ትንሽ ሰረዝ እንደሚጨምር ደረስኩበት፤ እኔ ያለ ሰረዙ ነበር የምጠራው። ሰረዟን ጨመርኩ፣ ሊንከሩ ዝም አለ፣ ፕሮግራሙ ተወለደ። በደስታ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ የእኔን ቁጥርና የእሱን ቁጥር አስገባሁ። መልሱ ከዜሮ በታች የሆነ ረጅም ቁጥር መጣ። ሳቅሁ። ዝምድናችን ከዜሮ በታች ነው፣ እንግዲህ ከዚህ የራቀ ከየት ይመጣል አልኩ። ፓስካል የሚሰጠውን ነገር ከግራ ይጀምራል፣ ሲ ደግሞ ከቀኝ ይደረድራል፤ እኔ አስቀድሜ ካላሳወቅሁ ሁለቱ አይደማመጡም። ላይብረሪው የእኔን ቁጥር እንደ ሌላ ነገር ይዞት ነበር። በሲው ልማድ ጥራው የሚል አንዲት ቃል መስመሩ ላይ ጨመርኩ። መብራት ሄደ። መብራት እስኪመጣ በካልሲዬ በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ የሠርጌን ነገር እያሰብኩ ነበር።

መብራት መጣ። እንደገና አስገባሁ። ስድስት አለኝ።

መጀመሪያ አላመንኩም፤ እንደ ቅድሙ ያለ ዝባዝንኬ ነው አልኩ። ግን ዝባዝንኬ ስድስት አይመስልም። የወጣበትን መንገድ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ ስሞቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በእኔ በኩል ሰባት ነው። በእሱ በኩል እናቱ፣ የማንኩሳዋ አያቱ፣ የአያቱ እናት፣ የአያቱ አያት፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከእሷ በላይ አባቷ። ያቺን ሴት አወቅኋት። አባቴ በቴፕ ሲቆጥሩ "አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ወደ ቆላው ተድራ ወረደች፣ የእሷን ዘር አላውቅም" ብለው አልፈዋታል። የእሱ አያት ደግሞ ከወራት በኋላ "የእኛ ሥር ከቡሬ ጀርባ የመጣች ሴት ናት" ብለው፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርተው፣ ከእሷ ጀምረዋል። ሁለት ጊዜ በገዛ ጣቴ ጽፌያታለሁ፤ ከስም ብዛት ልብ አላልኳትም። ላይብረሪው ግን አንድ ሰው መሆኗን አይቷል።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነፍሴ ተመለሰች። ሲ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው! አንድ ዓመት ሙሉ የሳቅሁበት ነገር። እናቱን ዜሮ ካለ፣ ስድስት ማለት በአባቴ ቆጠራ ሰባት ነው። ስሞቹን በጣቴ መቁጠር እችል ነበር። የመጨረሻው ስም ይግባ አይግባ፣ የመጀመሪያው ስም ይቆጠር አይቆጠር ግራ አጋባሁት፤ ሆን ብዬ ግራ አጋባሁት። ደግሞ ቀላሉ መንገድ ነበር። የእኔንና የእህቴን ቁጥር ባስገባ፣ ዜሮ ካለ ከዜሮ ይቆጥራል፣ አንድ ካለ ከአንድ። የእህቴን ቁጥር ጀምሬ አጠፋሁት። ማሽኑን ዘግቼ ጫማዬን አደረግሁ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ያችን ፍተሻ አልሞከርኳትም።

አንድ ቀን በኮሌጁ ጸሐፊ ስልክ ደወለልኝ። "ገባልሽ?" አለኝ። "ገብቷል" አልኩት። "ታዲያ ምን አለ?" አለኝ እየሳቀ። ጸሐፊዋ እያየችኝ ነበር። "ስትመጣ" አልኩት። እሷ የፍቅር ነገር መስሏት ፈገግ አለች።

የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ እጃችንን ወደ ጎን አድርገን በር ላይ ተያየን። ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን፣ ደንቡንም እንጠብቅ ነበር። ለፋሲካ እንሳሳማለን ብዬ አሰብኩ። ጫማውን አወለቀ፤ አዲስ ካልሲ ነበር ያደረገው። ለሽማግሌዎቹ ነገር ከአዲስ አበባ የገዛው መሆኑ ገባኝ።

አስቀምጬ አሳየሁት። ስሞቹን አነበበ። ያቺ ሴት ላይ ሲደርስ ጣቱን የማሽኑ መስታወት ላይ አሳረፈ።

"ከዜሮ ነው አይደል?" አልኩት። "ያንተ ነገር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ሰባት ነው።"

ስሞቹን እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ።

"ቆይ እህቴን ላስገባና ላሳይህ" ብዬ የእህቴን ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። እጄን ሊይዘኝ እጁን ሰደደና ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሎት መለሰው።

"አትሞክሪው" አለኝ። "አንዱን ደምሬዋለሁ።"

"የቱን አንድ?"

"ውስጡ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ አምስት ነበር የሚለው። መመለሻው ላይ አንድ ደምሬበታለሁ። አባትሽ ከአንድ ነው የሚቆጥሩት። ከእኔ ቋንቋ ይልቅ የእሳቸው ይከበር ብዬ ነው።"

ይህን ሲለኝ ከበፊቱ ሁሉ ይልቅ ወደድኩት። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ በር ላይ ተማሪዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማንና ፊታችንን ጠራረግን።

ማታውኑ ሳይሆን በማግሥቱ፣ በግቢው አጥር ሥር ቁጭ ብለን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩት። እናጥፋው አልኩ። አባቴ ያቺን ሴት ወደ ቆላ ወረደች ብለው ነው የሚያቆሙት፤ የእሱ አያት ከእሷ አባት ስም በላይ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ አባቴ በአንጓቸው ይቆጥራሉ፣ ምንም አያገኙም፣ "ይሁን" ይላሉ። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ እኛና አንድ ፋይል ብቻ ነን።

"ማንም አያውቅም" አለ።

"እና?"

"አባትሽ ቢጠይቁሽስ?"

ከአጥሩ ሥር ሣር ነቀልኩ። "አንቺ እንዳልሽ ይሁን" አለኝ። አንቺ እንዳልሽ ይሁን ያለኝ ከደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሸክሙን ሁሉ እኔ ላይ ጥሎ የሄደ መሰለኝና ተቆጣሁት። አንተ ወንድ አይደለህም ወይ፣ ለምን አትቆርጥም አልኩት። እሱ ጠጠር እያነሳ ወደ አጥሩ ይወረውር ጀመር። በሰላም ሳንለያይ ነው ወደ ቡሬ የተሳፈርኩት።

ቅዳም ሥዑር ነበር። ቤታችን በግ ታስሯል፣ እናቴ ሥራ ላይ ናት። ቄጠማውን ግንባራቸው ላይ አስረው አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል። ለመናገር አልመጣሁም ነበር። እምላለሁ፣ ላለመናገር ነበር የመጣሁት።

"ያ የምትሠሩት ነገር ተናገረ ወይ?" አሉኝ።

"ተናገረ፣ አባባ።"

"በማን ጀመራችሁት?"

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። በጎረቤት ልጅ ጀመርን ብል ያበቃ ነበር። ግን አጎቴ እግራቸው ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እኝህ ሰው ለገዛ ደማቸው አልዋሹም። በእኔና በእሱ ጀመርን አልኳቸው። ያቺ ወደ ቆላ የወረደችው ሴት ዘሯ ማንኩሳ ነው፤ በእሱ በኩል ስድስት ነው አልኳቸው።

አባቴ ጣታቸውን አነሡና ቆጠሩ። መሃል ላይ አልቆሙም፤ ያን ዓመት ሙሉ እንደዚያን ዕለት አስተካክለው አልቆጠሩም። ስድስተኛው አንጓ ላይ ደረሱና እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ።

"ለምን ነገርሽኝ?" አሉኝ።

"አባባ..."

"ኧረ ለምን ነገርሽኝ፣ አንቺ ልጅ? እኔ እኮ አላውቃትም ነበር። እኔ ይሁን ልል ነበር እኮ!"

ቄጠማውን ከግንባራቸው ፈቱት። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ሰው ሞተ ወይ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ መልእክት ሄደ። ፋሲካ ሆነ፤ እሱን አልሳምኩትም። ከዚያ በኋላም አንሳሳምም፤ እንዴት ብለን? እህቱ ሆኜ ጉንጩን ልስመው አልችልም፣ ሌላም መሆን አልችልም። ክረምቱን ዝውውር ጠይቆ ወደ ሌላ ዞን ሄደ። ማሽኑ ላይ እሱ በሲ የጻፈውን ፈለግሁ፤ አልነበረም፤ ላይብረሪው ብቻ ቀርቶልኛል። የሚጠራ እንጂ የሚነበብ አይደለም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ለማንም አልቆጠሩም። ሰው ሲመጣባቸው "ረሳሁት፣ ሂዱና ሌላ ጠይቁ" ይላሉ። አገሩ ሁሉ አረጁ አለ። እኔ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ አውራ ጣታቸው አንጓቸው ላይ ሲሄድ አያለሁ፤ ሁልጊዜ የሚወጡት አንድ መንገድ ነው፣ የማንኩሳውን። ሽማግሌ ሰው ሲያገኙ ደግሞ ይጠይቃሉ፤ ቡሬ ገበያም ይሁን ለቅሶ ቤት። "ያች ወደ ቆላ የወረደችው፣ እሷ ነች የማንኩሳዎቹን የወለደች ወይስ መሃል ላይ ሌላ አለች?" ይላሉ። ማንም አያውቅም። የእሱ አያት በዚያው ክረምት ዐርፈዋል፤ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም። አንዳንዴ እቆጣቸዋለሁ። "አባባ፣ ይተዉት በሞቴ" እላለሁ። "እኔ ምን አልኩ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅ" ይሉኛል እንደ ሕፃን።

እሱ ማግባቱን የሰማሁት በመምህራን ማረፊያው ነው። የነገረችኝ ልጅ አዲስ ስለነበረች አታውቅም፤ ሌሎቹ ኩባያቸው ውስጥ ሲያዩ ገባት። መልካም ነው አልኩ። ወደ ክፍል ገብቼ ስለ ሊንከር አስተማርኩ። እኔ አላገባሁም። ብዙ ሰው ጠየቀኝ፤ ሽማግሌም መጥቶ ያውቃል። አልጠላሁም፣ አልቻልኩም እንጂ።

አባቴ ሊያርፉ ሲሉ እኔን አስጠሩ። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ሌላውን ሰው በእጃቸው አስወጡ።

"አገኘኋት" አሉኝ።

"ማንን አባባ?"

"መሃል ላይ ያለችውን። ያች ወደ ቆላ የወረደችው፣ የማንኩሳዎቹን እሷ አይዶለችም የወለደቻቸው። ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ በአራስነት ሞተችና ሕፃኗን አያቷ አሳደገቻት። ሕፃኗም አያቷን እናቴ ስትል አደገች። ለዚያ ነው የልጁ አያት የዘለለቻት። ለዚያ ነው እንጂ፣ ሰባት ነው ልጄ። ድሮውንም ሰባት ነበር።"

የመሃለኛዋንም ሴት ስም ነገሩኝ። ከማን እንደሰሙት ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሰማሁ" አሉ። "ጻፊያት።"

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሞልቷል፤ አያቱን እናቴ እያለ ያደገ ሰው ስንት አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ደግሞ አባቴ ባለቀ ሰዓታቸው፣ በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁት ሰው፣ ለእኔ ብለው አንዲት ሴት ፈጥረው ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሸት ከሆነ አባቴ ምን ያህል እንደተቃጠሉልኝ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ እኔና እሱ በባዶ ተለያይተናል፤ የሆነች ልጅ በአራስነት ሞታ ስለተረሳች።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ክፍሉ አዳዲስ ማሽኖች ገብተውለት ነበር፤ እኔ ግን ያን አሮጌውን ጥግ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ የእሱ ላይብረሪ በሌላው ላይ አይሠራም። እሑድ ቀን ስለነበር ማንም አልነበረም። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ሴትዮዋን አባቴ እንዳሉኝ አስገባኋት፤ ስሟን፣ በአባቷ ስም ፋንታ የእናቷን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን፤ ያደገችውንም ሕፃን ከእሷ በታች አዛወርኩ። ከዚያ የእኔን ቁጥርና የእሱን ቁጥር ጻፍኩ።

ላይብረሪው እንደ ዱሮው ወጣ፣ ፈለገ፣ መጨረሻ ላይ ያችን አንድ ደመረባት። ሰባት አለኝ።

"ይሁን" አልኩ ጮክ ብዬ፣ አባቴ ሊሉት እንደነበረው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ ጫማዬን አደረግሁ።